ወደ ባሕር የሚያየው መስኮት

በየዓመቱ ጥር ላይ ለኪዳነማርያም አንድ ፎቶ ይላክለታል። ፎቶው ላይ በረዶ አለ፣ ጥቁር የእንጨት ግድግዳ አለ፣ ግድግዳው መሃል ደግሞ ኪዳነማርያም ለንደን፣ ሆሎዌይ ውስጥ፣ ከባቡር ድልድይ ሥር ባለችው ወርክሾፕ የሠራው መስኮት አለ። ከመስኮቱ ጎን አንድ ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮ ይስቃል። ሰውየው በየዓመቱ ይለያያል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ከሥሩም “ልክክ ብሎ ገባ! አንተ ጀግና!” የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ኪዳነማርያም “አመሰግናለሁ፣ በጣም ደስ ብሎኛል” ብሎ ይመልስና ስልኩን ደፍቶ ሥራው ላይ ያቀረቅራል። ደስ አላለውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ፎቶ መጥቶ አንድም ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በደቡብ ዋልታ፣ ሰው በማይኖርበት ምድር ላይ፣ የዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ የአየር ጠባይ የሚለኩ እንግሊዞች ትተዋቸው የሄዱ ስድስት የእንጨት ቤቶች አሉ። ምድጃቸው፣ ድስታቸው፣ አልጋ ላይ የተጣለው ብርድ ልብስ እንኳ እንደነበረ አለ። እነዚህን ቤቶች ከመፍረስ የሚያድን አንድ ትንሽ ድርጅት ለንደን ውስጥ ይገኛል፤ ኪዳነማርያም የዚያ ድርጅት አናጺ ነው። እዚያ አገር ምስጥ የለም። እንጨት የሚበላው ነፋስ ነው። በረዶውን እያፈሰ ግድግዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። አንድ መስኮት ከተቦደሰ በዚያች ቀዳዳ በረዶ ይገባና ቤቱን በአንድ ክረምት እስከ ኮርኒሱ ይሞላዋል። ስለዚህ እዚያ በጋ ሲሆን በየዓመቱ አራት ሰዎች በመርከብ ይሄዳሉ፤ ከአራቱ አንዱ አናጺ ነው። ኪዳነማርያም መስኮቱን ይሠራል፣ ሌላው ሄዶ ይገጥማል።

የመጀመሪያው ዓመት የመኖሪያ ወረቀቱ ስላልደረሰ ቀረ። ቀጥሎ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነ። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ መርከቡም ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን “በሚቀጥለው ዓመት” እያሉ ገፉት። እሱ የስድስቱን ቤቶች ሳንቃ በቁጥር ያውቃል፤ የቱ ቋሚ ስንት ሚሊሜትር እንደተጣመመ በቃሉ ይነግርሃል። አንዱንም ግን በእጁ ዳስሶ አያውቅም። ድግስ ደግሶ ሲያበቃ ከደጅ እንደቀረ ሰው ነው የሚሰማው። በሠራው መስኮት ሁሉ ጀርባ፣ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ በማይታየው ፊት ላይ፣ በእርሳስ “ኪ” ብሎ ይጽፋል። የጥንቶቹ አናጺዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ያቺን ፊደል እዚያ ሆኖ አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ግድግዳው ውስጥ መክተት፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ስልሳ ከሞላ መርከቡ አይወስደውም።

ዘንድሮ ተራው የሱ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤው ሲመጣ ግን የተመረጠችው ወርክሾፑ ውስጥ አብራው የምትሠራው አናጺ ሮማንወርቅ ሆነች። ኪዳነማርያም ተጠባባቂ ተባለ።

ሮማንወርቅን እዚህ ሥራ ውስጥ ያስገባት ማን ነው? ራሱ! የዛሬ ስድስት ዓመት ለአንድ ኮንትራክተር የኩሽና ቁም ሳጥን ስትገጣጥም አግኝቷት፣ “ይቺ እጅ ለቁም ሳጥን አልተፈጠረችም” ብሎ ጎትቶ አመጣት። መሮ መሳል አስተማራት። መስኮቶቹ ለመንገድ የሚሸፈኑበትን ሸራ መስፋትም አስተማራት፤ አባቱ ደሴ ድንኳን ሰፊ ነበሩ፣ ክሩን ሰም ቀብተው፣ ስፌቱ ሲያልቅ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ይቋጥሩ ነበር፣ እሱም እንደዚያው ያደርጋል፣ እሷንም እንደዚያው አስለመዳት። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አይንቋቋም፣ ወረቀቷም የተሟላ ነው። “እንኳን ደስ አለሽ!” አላት ከአንገት በላይ። እሷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። “ጋሼ፣ ላንተ ነበር የሚገባው፣ እኔ እኮ አፍሬያለሁ” አለችው። ይኼ አባባሏ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። ቢያንስ ብትኮራበት እሱም በደንብ ይጠላት ነበር።

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል። የኪዳነማርያምን አንጀትም አሳረረው። ስታፏጭ ያማል። የተሰጣትን አዲስ ቀይ ቦት ጫማ ለክታ ወርክሾፑ ውስጥ ስትንጎማለል ያማል። ስታስነጥስ “ይማርሽ!” ይላታል በአፉ፤ ልቡ ግን “ይጥናብሽ!” ይላል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ እግሯ አዳልጧት ስትንገዳገድ ሮጦ ደገፋት፤ ደግፏት ሲያበቃ “ምን አስቸኮለኝ?” ብሎ ራሱን ወቀሰ። ያን ሲያስብ ደነገጠ፣ አፈረም። ማፈሩ ግን ቅናቱን አላስለቀቀውም፤ ሁለቱ ተጎራብተው ተቀመጡ።

ወደ ዋልታ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን እንደ ሌላ መንገደኛ ጠቅልሎ አይነሣም። እዚያ አገር አንዲት የሣር ዘር፣ አንዲት የአፈር ብናኝ መግባት የለባትም፤ ያልነበረ ነገር በቅሎ ያንን ምድር ያበላሸዋል። ልብሱ ሁሉ በቫኪዩም ይጸዳል፣ የኪስ ጥግ ይገለበጣል፣ ቬልክሮ የሚሉት ተጣባቂ መዝጊያ በወረንጦ ይለቀማል። ሰው የራሱን ጉድፍ አያይም ተብሎ ማንም የራሱን ልብስ አያጸዳም፤ ባልደረባው አጽድቶለት ይፈርማል። ከዚያ የጉዞው አስተባባሪ አኑዋር እንደገና ያያል። አኑዋር ከሐበሻ ወላጆች እዚሁ ለንደን የተወለደ፣ ሰው አክባሪ ጎልማሳ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ለእናቱም አይመለስም። እያንዳንዱን ጠርዝ በጣቱ ይዳብሳል። ዕቃው ውስጥ አፈር የተገኘበት ሰው የዚያን ዓመት ጉዞ አይሄድም፤ ደንቡ ይኸው ነው። የሮማንወርቅን ልብስ የሚያጸዳው ኪዳነማርያም ነበር፤ የሚፈተሸው ዓርብ ነው።

ረቡዕ ዕለት የሮማንወርቅ እናት፣ እማማ ፀሐይወርቅ፣ ደውለው ኬኒንግተን ቤታቸው ጠሩት። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ነው የሚያውቃቸው። ስድስተኛ ፎቅ ሲደርስ በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቁት ነበር።

“ግባ ልጄ። እሷ ሳትመጣ ቶሎ ልንገርህ” አሉት፤ ከጉያቸውም አውራ ጣት የምታህል፣ በነጠላ ጥለት የተጠቀለለች ነገር አወጡ። “ይኼ ከገዳም የመጣ እምነት ነው። እኔን ከሱዳን በረሃ ያወጣኝ ይኼ ነው። ያዥው ብላት እምቢ አለች። አቧራ እንኳ አይገባም ትለኛለች። አሁን የተባረከ አፈርና አቧራ አንድ ነው?”

“እማማ፣ እሷ እውነቷን ነው። ደንብ አለ…”

“ደንቡንማ ነገረችኝ። ልብሴን የሚያጸዳው ጋሼ ኪዳኔ ነው፣ ከሱ እጅ ምንም አያልፍም አለችኝ። እኔም፣ ታዲያ ኪዳኔ የኛው ሰው አይደል? ብዬ ነው የጠራሁህ። ኮቷ ውስጥ ስፋልኝ። እኔ መርፌ ከተውኩ አራት ዓመቴ። ልጄ አንዲት ናት፤ ባሕር ነው የምትሄደው፣ ያውም ሰው የሌለበት። አደራ!”

እዚህ ላይ “አይሆንም እማማ፣ ይኼ ነገር ከተገኘ ልጅዎን ከጉዞ ያስቀራታል” ማለት ነበረበት። ይህን ለማለት አፉን ከፍቶም ነበር። ከፍቶ ዘጋው። ነገሩ እንደ መብረቅ ታይቶት ነበርና። አፈሩ ጠርዝ ውስጥ ከገባ አኑዋር ያገኘዋል። ከተገኘ እሷ ትቀራለች። እሷ ከቀረች የሚሄደው ተጠባባቂው ነው። እሱ መስፋቱ ከታወቀ እናት ልጄን ብላ ለመነችኝ ይላል፤ ካልታወቀና ለምን አላየኸውም ከተባለ ደግሞ የሽማግሌ ዓይን ነው ይላል። እንዲህ በምርቃት ተጠቅልሎ እጅ ላይ የሚቀመጥ ተንኮል ማን አግኝቶ ያውቃል? እሱ አላቀደም፣ አልፈለገም፤ ለምነው ሰጡት።

“እሺ እማማ” አለ። “እንዳሉኝ አደርጋለሁ።”

እሳቸውም በሁለት እጃቸው ራሱን ይዘው መረቁት። “አንተንም እዚያው ያድርስህ፣ የልብህን ይሙላልህ” አሉት። ጥቅሏን ደረት ኪሱ ከቶ ከፎቁ ወረደ።

ሐሙስ የሮማንወርቅን ልብስ አንድ በአንድ አጸዳ። ያን ያህል ተጠንቅቆ ያጸዳበት ቀን የለም። ከጓንቷ ክር መሃል አንዲት የገብስ እሾህ የመሰለች የሣር ዘር ለቅሞ ሲያወጣ፣ ከልማዱ የተነሣ ደስ አለው። ቅጹ ላይም ፈረመ። እሷ ምሳ ልትገዛ ስትወጣ ኮቷን ገለበጠ፣ የገበሩን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ፈታ፣ ጥቅሏን ከተተና በሸራ መርፌ መልሶ ሰፋው። የሙያ ነገር ሆኖ ስፌቱ እንኳ ያምር ነበር። መጨረሻ ላይ ክሩን ቋጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛውን ከቋጠረ በኋላ ነው በማን ስም እንደሚቋጥር ትዝ ያለው። አልፈታውም ግን።

ዓርብ አኑዋር ረጅሙን ጠረጴዛ ነጭ አንሶላ አልብሶ ጀመረ። ሱሪ አየ፣ ሹራብ አየ፣ ቦት ጫማውን አየ። ኮቱ ላይ ሲደርስ ኪዳነማርያም መላጊያውን አንሥቶ ያልሻከረ እንጨት ይልግ ጀመር። የአኑዋር ጣት በጠርዙ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።

“ሮማን? ዋት ኢዝ ዚስ?” መቀሱን አነሣና ከስፌቱ በታች ቀደደው። ጥለቱን ሲፈታው ግራጫ አፈር አንሶላው ላይ ፈሰሰ። “ይኼ… ሶይል ነው እንዴ? ጋሽ ኪዳኔ፣ አንተ እኮ ሳይን አድርገህበታል!”

“ጠርዙን… ጠርዙን አልፈታሁትም” አለ ኪዳነማርያም።

ሮማንወርቅ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ጥለቱን አየች። ከዚያ የተቀደደውን ስፌት በሁለት ጣቷ አንሥታ ቋጠሮውን ረጅም ጊዜ አየችው። ወደ ኪዳነማርያም ዞር አላለችም።

“የኔ ነው” አለች። “እሱ ከፈረመ በኋላ ነው ያስገባሁት። በሱ አትፍረድ።”

“ሮማን፣ ፕሊዝ! አንቺ? ሩሉን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሪፖርት ማድረግ አለብኝ፣ አይ ሃቭ ኖ ቾይስ።”

“አድርግ” አለችው፤ መጎናጸፊያዋን አንሥታም ወጣች። ከቀትር በኋላ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ኪዳነማርያምን ጠርታ ሰኞ እንደሚበር ነገረችው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቃት ቃል ይቺ ነበረች። ሲጠብቃት ይዘላል፣ ይጮኻል ብሎ ያስብ ነበር። “እሺ” ብቻ ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ እማማ ፀሐይወርቅ ነበሩ። ሮማንወርቅ ለእናቷ እውነቱን አልነገረችም፤ ሐኪም ጥርሴን አይቶ፣ እዚያ የሚነቅልልሽ የለም ብሎ ከለከለኝ ብላቸዋለች።

“እግዜር ይስጥህ ልጄ!” አሉት። “በባሕሩ ላይ የሚጠብቃት ክፉ ነገር ነበረ ማለት ነው። እምነቱ ነው ያስቀራት። አንተ ባትሰፋልኝ ኖሮ ልጄን አጥቻት ነበር። ለሷ አልነገርኳትም፣ ተከድኖ ይብሰል። ውለታህን ፈጣሪ ይክፈልህ።”

ኪዳነማርያም ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠው። ቢሰድቡት ኖሮ ይቀለው ነበር።

ከቀትር በፊት ወርክሾፕ ሲደርስ ሮማንወርቅ ቀድማው መጥታለች። ደንብ ነው፤ እሱ የሷን እንዳጸዳ፣ የሱን ልብስ የምታጸዳው እሷ ነች። የሱ ኮት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከግድግዳው ሥር የዘንድሮዎቹ ሁለት መስኮቶች ሳጥናቸው ውስጥ ተኝተዋል፤ አንደኛውን እሱ ነው የሠራው፣ ሁለተኛውን እሷ። እሷ ሥራዋን ሳታቋርጥ ነው ያናገረችው።

“ጋሼ፣ እማዬ ናት አይደል የሰጠችህ? ጥለቱን አውቀዋለሁ፤ የፋሲካ ነጠላዋ ነው። ሦስቱን ቋጠሮ ደግሞ ከኔና ካንተ በቀር እዚህ የሚቋጥር የለም።”

“እሳቸው ናቸው” አለ።

“አኑዋር ፊት ያልተናገርኩት እሷ እንዳትሰማ ብዬ ነው። በረከቷ ጉዞዬን እንዳበላሸብኝ ብታውቅ ሐዘኑ ይገድላታል።” ወረንጦውን አነሣችና የእጅጌውን ቬልክሮ መልቀም ጀመረች። “ሌሊቱን ስናደድብህ አደርኩ። ጠዋት ሳስበው ግን፣ እኔ ብሆንስ እምቢ እላት ነበር ወይ? አልላትም። እሷን እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። አንተ ደግሞ ሰው ማስቀየም አትችልም። አኑዋር ጠርዝ እንደሚዳብስ ረስተህ ነው።”

መውጫው በር ተከፍቶለታል። “አዎ፣ ረሳሁት፣ ይቅር በይኝ” ቢል አልቋል። ሰኞ ይበራል፣ ዓርብ መርከብ ላይ ነው፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ከስድስቱ ቤቶች ጎጆ አራት ከሚባለው ፊት ቆሞ መስኮቱን ይይዛል። እሷም እንደወትሮው ጋሼ ትለዋለች፣ እናቷም ይመርቁታል። ኪዳነማርያም ኮቱ ላይ ያጎነበሰውን ራሷን አየ። እንዲህ አምናው ልብሱን ስትለቅም፣ አሁንም፣ አሁንም እንኳ ቀናባት። እሱ እንዲህ ሰው ማመን አይችልም።

“አልረሳሁም” አለ።

ወረንጦው ቆመ። “ምን አልክ?”

“አልረሳሁም። እንደሚያገኘው አውቅ ነበር። እንዲያገኘው ነው የሰፋሁት። ቀንቼብሽ ነው፣ ሮማን።”

ሮማንወርቅ ቫኪዩሙን አስነሥታ፣ አንድ ጊዜ ያጸዳችውን የግራ እጅጌ እንደገና ከትከሻው ጀመረችው። ከዚያ ቀኙን። ከዚያ ጀርባውን። እንባዋ በአገጯ ላይ ሲወርድ ኮቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ራሷን ወደ ኋላ አደረገች። ኪስ ገለበጠች፣ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰች። ከዚያ ማሽኑን አጠፋች።

“አሁኑኑ ለአኑዋር ደውዬ እነግረዋለሁ” አለ ኪዳነማርያም። “አንቺ ትሄጃለሽ።”

“አልሄድም። የኔ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ቢወጣ አንተ በአፈሩ፣ እኔ በውሸቱ፣ ሁለታችንም ነው የምንቀረው። ሦስተኛ አናጺ የለም። መስኮቶቹ እዚህ ሳጥን ውስጥ ይከርማሉ።” በጣቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአምናውን ፎቶ አሳየችው። ጎጆ አራት በባሕር በኩል መስኮቱ ወልቆ በላስቲክ ተሸፍኗል። “ያ ላስቲክ ሌላ ክረምት ይችላል? አይችልም። ቤቱ ምን አደረገ?”

ኪዳነማርያም ፎቶው ላይ ላስቲኩን አየ። ቤቱ ምንም አላደረገም።

ሮማንወርቅ ቅጹን ሳበችና ስሟን ጽፋ ፈረመች። እሱ ፊርማውን፣ ከዚያም እሷን አየ። ዓይኑ ውስጥ ተስፋ ብጤ አይታበት ይሆናል፤ ቶሎ ቆረጠችው።

“የፈረምኩት ለኮቱ ነው፣ አቶ ኪዳነማርያም።”

ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሼ ስትለው ኖራለች። ኮቱን አጣጥፋ በላስቲክ ከረጢት አሽጋ ሰጠችው፣ የራሷን ጃኬት ለበሰች፣ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

“የባሕር በኩሉ መስኮት የኔ ነው። ጀርባው ላይ ፊደሌ አለ። በደንብ ግጠመው።”

“እሺ” አለ።

“ፎቶ ግን እንዳትልክልኝ።”

ወጣች። ኪዳነማርያም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጥር በመጣ ቁጥር፣ ይህን ቃል ሊናገር ፈልጎ አንድም ቀን ደፍሮ አልተናገረውም። ንጹሑን ኮት እንደታቀፈ ቆሞ ቀናባት።